የአደን ጠመንጃዬ ማቀባበያ ይላወሳል፤ እንዴት ላጥብቀው?

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «ከአባቴ የወረስኩት የአደን ጠመንጃ አለኝ። በማውዘር 98 ላይ የተሠራ ነው፤ የሚጎርሰው 308 ዊንቸስተር ጥይት ነው። ማቀባበያውን ከፍቼ ወደ ኋላ ስስበው ግራና ቀኝ፣ ላይና ታች ይወዛወዛል። ዘግቼውም ወደ ፊትና ወደ ኋላ ትንሽ ይላወሳል። አንድ ጓደኛዬ ቀጭን ቆርቆሮ አስገባበት አለኝ። ሌላው ደግሞ ጆሮዎቹን በብየዳ አወፍረህ በሞረድ አስተካክላቸው ይላል። የትኛው ይሻላል?»

ሁለቱንም አያድርጉ። ሌላውን ሁሉ ባያነቡ እንኳ ይህችን ይያዙልኝ። ቆርቆሮውም ብየዳውም ምናልባት ጤነኛ የሆነውን ጠመንጃ ፊትዎ ላይ የሚፈነዳ ሊያደርጉት ይችላሉ። ምክንያቱን ወደ ኋላ እመጣበታለሁ።

እርስዎ በአንድ ጥያቄ ውስጥ ሁለት ነገር ነው የጠየቁኝ። አንደኛው ክፍት ሆኖ ሲወዛወዝ፣ ሁለተኛው ተዘግቶ ሲላወስ ነው። ሁለቱ የሚገናኙ ይመስላሉ እንጂ አይገናኙም። የመጀመሪያው ብዙ ጊዜ ምንም ችግር አይደለም። ሁለተኛው ደግሞ ችግር ይሁን አይሁን በእጅ ወዝውዞ አይታወቅም፤ ይለካል።

እንድንግባባ ያህል፣ ማቀባበያ የምለው በእጅ የሚከፈተውንና የሚዘጋውን ድቡልቡል ብረት ነው። ጆሮ የምላቸው ከፊቱ ወጣ ወጣ ያሉትን ሁለት መቆለፊያዎች ነው። እሱ የሚንሸራተትበትን የጠመንጃውን አካል የማቀባበያው ቤት እለዋለሁ። ጥይቱ ገብቶ የሚቀመጥበት የበርሜሉ ኋላ ደግሞ ጥይት ማረፊያ ይሁንልን።

ከመወዛወዙ እንጀምር። የማውዘር 98 ማቀባበያ ውፍረቱ ወደ 17.8 ሚሊ ሜትር ነው። ቤቱ ከዚያ ትንሽ ይሰፋል፤ መስፋትም አለበት። ይህ የጀርመን ንድፍ እ.ኤ.አ. በ1898 ለወታደር የተሠራ ነው። ጭቃ፣ አሸዋና የረጋ ዘይት ገብቶበትም መከፈትና መዘጋት ነበረበት። መፈናፈኛ የሌለው ማቀባበያ በሥራ ጠረጴዛ ላይ ያምራል፤ ሜዳ ላይ አቧራ ሲገባበት ግን ይነክሳል። ታዲያ ሙሉ በሙሉ ወደ ኋላ ሲሳብ በቤቱ ውስጥ የሚቀረው የፊተኛው ክፍል ብቻ ነው። እዚያ ያለችው የሚሊ ሜትር ቅንጣት ክፍተት እጀታው ጋ ስትደርስ ብዙ ሚሊ ሜትር ትሆናለች። የጠረጴዛ መሳቢያን እስከ ጫፉ ስቦ እንደመነቅነቅ ነው። መልሰው ሲገፉት ጸጥ ይላል።

ማቀባበያው ሲዘጋም ይህ የጎን ክፍተት አያሳስብም። እጀታውን ወደ ታች ሲያጥፉት ጆሮዎቹ ዞረው በቤቱ የፊት ክፍል ውስጥ ባሉት ደረጃዎች፣ ማለትም በመደገፊያዎቻቸው፣ ፊት ለፊት ይቆማሉ። ሲተኮስ ኃይሉን የሚሸከሙት እነሱ ናቸው። ጎኑ ሥራ የለውም። ማውዘር ከኋላ ሦስተኛ ጆሮ ጨምሮበታል፤ ያ ግን የፊቶቹ ድንገት ቢሰበሩ ማቀባበያው ወደ ተኳሹ እንዳይመጣ የተቀመጠ መጠባበቂያ ነው እንጂ በተለመደው ጊዜ ጭነት አይሸከምም።

አንዳንድ ጠመንጃዎች እንደ እርስዎ አይወዛወዙም። እ.ኤ.አ. በ1958 የወጣውን ዌዘርቢ ማርክ 5 ያየ ሰው ልዩነቱን ወዲያው ያውቀዋል። የእሱ ማቀባበያ ሙሉ አካሉ እንደ ጆሮዎቹ ወፍራም ስለሆነ ቤቱን ሞልቶ ነው የሚሄደው። ያ የንድፍ ልዩነት ነው። የእርስዎ ጠመንጃ አርጅቶ ሳይሆን ሲወለድም እንዲሁ ነበር። ከማውዘር 98 ላይ የተሠራ ጥሩ ጠመንጃ ከእጄ ሲገባ ክፍት ሆኖ ቢንገጫገጭ አያስደነግጠኝም። ጨርሶ የማይንገጫገጭ ከሆነ ነው ማን ምን እንደነካካው የምጠይቀው።

«ታዲያ ተኩሱን አያበላሽም ወይ?» የሚል ይኖራል። በትንሹ ሊያበላሽ ይችላል፤ እንዴት እንደሆነም መናገር ይቻላል። ጠመንጃው ሲወጠር የምላጩ መያዣ ጥርስ የመርፌውን (ጥይቱን መትቶ የሚያፈነዳውን ቀጭን ብረት) ጭራ ከሥር ይገፋዋል። ያኔ የማቀባበያው ኋላ ብድግ ይላል። ኋላው ብድግ ሲል የላይኛው ጆሮ ከደረጃው በጥቂቱ ይለቃል። ስለዚህ ጥይቱ ሲፈነዳ ኃይሉን በመጀመሪያ የሚቀበለው የታችኛው ጆሮ ብቻ ይሆንና ከዚያ በኋላ ነው ሁለቱም የሚጫኑት። በወረቀት ላይ ጥይት በጥይት ላይ ለመደርደር የሚወዳደሩ ሰዎች ይህን ለማጥፋት ማቀባበያው ላይ ልኩን የጠበቀ ቀለበት ያስገጥማሉ። ሥራው በቶርኖ፣ በባለሙያ እጅ፣ በሚሊ ሜትር መቶኛ እየተለካ የሚሠራ ነው። ለአደን ጠመንጃ ግን ትርፉ ጥቂት ነው። በዚያ ገንዘብ ብረቱ እንጨቱ ላይ በደንብ እንዲቀመጥ ቢያሠሩበት የበለጠ ይጠቀማሉ።

ይህ አንድ ነገር አስታወሰኝ። ብዙ ጊዜ «ማቀባበያዬ ላላ» ተብሎ የሚመጣው ጠመንጃ ማቀባበያው አይደለም የላላው። ብረቱን ከእንጨቱ ጋር የሚይዙት ሁለቱ ብሎኖች ናቸው። እጀታውን ሲነቀንቁት የሚንቀሳቀሰው ሙሉው ብረት ነው፤ እጅ ግን ማቀባበያው ነው ብሎ ያስባል። አንድ ጣትዎን እንጨቱና ብረቱ የሚገናኙበት ጠርዝ ላይ አሳርፈው እጀታውን ይወዝውዙ። ጣትዎ ሥር እንቅስቃሴ ከተሰማዎት ችግሩ እዚያ ነው። ብሎኖቹን በልካቸው በሆነ ካቻቢቴ፣ አምራቹ ባዘዘው መጠን ያጥብቁ። እንጨቱ እስኪጨፈለቅ ግን አይታገሉት።

እጀታውንም ይዩት። የማውዘር እጀታ ከማቀባበያው ጋር አንድ ብረት ሆኖ ነው የሚሠራው። ነገር ግን የማነጣጠሪያ መነጽር የተገጠመላቸው ብዙ የአደን ማውዘሮች የድሮው እጀታ ተቆርጦ ሌላ ዝቅ ያለ እጀታ ተበይዶባቸዋል። ብየዳው ላይ ስንጥቅ ካለ፣ ወይም እጀታው ከአካሉ ተለይቶ የሚንቀሳቀስ ከሆነ፣ ጠመንጃውን ያስቀምጡት። የብየዳው ሙቀት አካሉን ማለስለሱንም ባለሙያ ቢያይልዎት ጥሩ ነው። ሬሚንግተን 700ን በመሳሰሉት ላይም እጀታው ለብቻው ተሠርቶ ቀልጦ በሚያጣብቅ ብረት የተያዘ ስለሆነ እሱም አልፎ አልፎ ይለቃል።

አሁን ወደ ሁለተኛው፣ ወደ ከባዱ እንምጣ።

ከመንካትዎ በፊት ጠመንጃው ባዶ መሆኑን ያረጋግጡ። ጥይቱን ከጠመንጃው የጥይት ማጠራቀሚያ ያውጡ። ጥይት ማረፊያውን በዓይንዎ ይዩ፣ በጣትዎም ይዳስሱ። ጥይት የሚባል ነገር በሙሉ ወደ ሌላ ክፍል ይሂድ። ይህን ስል ለጀማሪ ብቻ አይደለም፤ ዘመኑን ሙሉ ጠመንጃ ሲጠግን የኖረ ሰውም እንዲሁ ነው የሚያደርገው።

ከዚያ ይህን ይሞክሩ። ማቀባበያውን ከፍተው ይዝጉት፤ መርፌው ይወጠራል። እጀታውን ይዘው ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይግፉት። ከዚያ እንደገና ይክፈቱ፤ አሁን ምላጩን ስበው ይዘው እጀታውን በቀስታ ያውርዱት። መርፌው ሳይመታ ይለቃል። አሁንም ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይግፉት። ልዩነቱ ተሰማዎት? ሲወጠር የመርፌው ሞላ ማቀባበያውን ወደ ኋላ ስለሚገፋው ጆሮዎቹ ደረጃቸው ላይ ተለጥፈው ይቆያሉ። ሲለቀቅ ያ ግፊት የለም። ስለዚህ ጆሮዎቹ በጎድጓዳቸው ውስጥ ትንሽ ይመላለሳሉ። ጥይት በሌለበት፣ ባልተወጠረ ጠመንጃ ላይ እንዲህ ያለች ትንሽ መላወስ የተለመደች ናት። እርስዎም የተሰማዎት ይኼው ብቻ ሊሆን ይችላል።

ሊሆን ይችላል አልኩ እንጂ ነው አላልኩም። ምክንያቱም በባዶ ጠመንጃ ላይ የሚሰማው መላወስና አደገኛው ክፍተት አንድ አይደሉም። አደገኛው ጠጋኞች ሄድስፔስ የሚሉት ነው። 308 ዊንቸስተር ጥይት ወደ ፊት ሲገባ የሚያቆመው በቀለሁ (ባሩዱን በያዘው የናስ ቅርፊት) ትከሻ ላይ ያለው ዘንበል ያለ ቦታ ነው። ከዚያ ትከሻ እስከ ማቀባበያው ፊት ያለው ርቀት፣ ጆሮዎቹ ወደ ኋላ ተጭነው ሳሉ፣ ሄድስፔስ ይባላል። ያ ርቀት ከበዛ ቀለሁ ከኋላው ድጋፍ ያጣል።

ሲተኮስ የሚሆነውን ልንገርዎት። የ308 ዊንቸስተር ከፍተኛ ግፊት በአውሮፓው ደንብ 4150 ባር ነው። በዚያ ግፊት የቀለሁ የፊት ክፍል ሳስ ያለ ስለሆነ ተነፍቶ የጥይት ማረፊያውን ግድግዳ ይይዛል። የኋላው ወፍራም ነው፤ ግድግዳውን አይይዝም። ስለዚህ ማቀባበያውን እስኪነካ ድረስ ወደ ኋላ ይሄዳል። ፊቱ ተይዟል፣ ኋላው ይሄዳል፤ መሃል ያለው ናስ ይለጠጣል። ጥቂት ከተለጠጠ ምንም አይሆንም። ብዙ ከተለጠጠ ይቆረጣል። ሲቆረጥ ጋዙ ወደ ኋላ ይመጣል። ተኳሹ ዓይን ያለው እዚያ ነው።

የሚለካው በጌጅ ነው። ጌጅ ማለት በጥይቱ ቅርጽ የተሠራ ጠንካራ ብረት ነው። ሦስት ዓይነት አለ፤ ጎ፣ ኖ ጎ እና ፊልድ ይባላሉ። ለ308 ዊንቸስተር ጎ 41.40፣ ኖ ጎ 41.50፣ ፊልድ ደግሞ 41.61 ሚሊ ሜትር ያህል ናቸው። ከአንዱ ወደ ሌላው ያለው ልዩነት የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ ነው። በእጅ በመወዝወዝ ይህን መለየት የሚችል ሰው የለም። «እኔ በእጄ አውቀዋለሁ» የሚልዎትን ሰው አይስሙት።

አጠቃቀሙ ቀላል ነው፤ ጠባይ ይፈልጋል እንጂ። መርፌውና ሞላው ከማቀባበያው ይወጣሉ፤ እነሱ ካሉ እጅዎ የሚሰማው የሞላውን ግፊት ነው። ጥይት ማረፊያው ይጸዳል። ማውዘር ላይ ቀለህ የሚጎትተው ረጅም መንጠቆ አለ። የጌጁ ጠርዝ ከመንጠቆው ሥር ቀድሞ ይገባል እንጂ እላዩ ላይ አይደነቀርም። ከዚያ እጀታውን በሁለት ጣት፣ በራሱ ክብደት ያህል ብቻ ያወርዱታል። ጎ ላይ መዘጋት አለበት። ኖ ጎ ላይ መዘጋት የለበትም። ኖ ጎ ላይ ቢዘጋ፣ ፊልድ ላይ ግን እምቢ ካለ፣ ጠመንጃው ሰፋ ብሏል ማለት ነው። ብዙ ጠጋኞች የቆየ ጠመንጃን በዚህ ደረጃ ላይ በፋብሪካ ጥይት ብቻ፣ ቀለሁን እየተከታተሉ እንዲሠራ ይተዉታል። ፊልድ ላይ ከተዘጋ ግን አለቀ፤ እስኪጠገን ድረስ አንድም ጥይት አይተኮስበትም። በኃይል አይዝጉት። ጌጁ ጠንካራ ነው፤ የሚጎዳው ጠመንጃው ነው።

እዚህ ላይ የእርስዎን ጠመንጃ በተለይ የሚመለከት ነገር አለ። ከድሮ ወታደራዊ ማውዘሮች በኋላ በርሜላቸው በ7.62 ናቶ፣ ማለትም ለ308 ዊንቸስተር በጣም በሚቀርበው ወታደራዊ ጥይት፣ በርሜል የተቀየረ አሉ። እስራኤል ካር 98ኬ የተባሉትን የጀርመን ወታደራዊ ማውዘሮች እንዲህ አድርጋ ነበር። የ7.62 ናቶ ጥይት ማረፊያ ከ308 ዊንቸስተር ረዘም እንዲል ይፈቀድለታል። እንዲህ ያለ በርሜል በ308 ኖ ጎ ላይ ቢዘጋ በሥሪቱ ነው እንጂ ተበላሽቶ ላይሆን ይችላል። ስለዚህ በርሜሉ ላይ የተመታውን ጽሑፍ አንብበው ለጠጋኙ ይንገሩት።

ጌጅ እስኪያገኙ ድረስ የተተኮሱት ቀለሆች ብዙ ይነግሩዎታል። ካሉዎት ሰብስበው በመስኮት ብርሃን ይዩአቸው። ከቂጡ በላይ፣ ወፍራሙ ክፍል ወደ ሳሳው የሚለወጥበት አካባቢ፣ ቀለሁን ዙሪያውን የሚከብ የሚያብረቀርቅ ቀለበት አለ? ቀለበት ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ጥይት ማረፊያው ሰፊ ቢሆንም ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ ከውስጥ ይፈትሹት። ቀጭን ሽቦ ጫፉን በጥቂቱ አጥፈው፣ በሞረድ አሹለው፣ በአፉ በኩል ያስገቡና የውስጡን ግድግዳ ከቂጥ ወደ ላይ እየጫሩ ይጎትቱት። ሽቦው ጎድጎድ ያለ ነገር ውስጥ ገብቶ ያዝ ካደረገ፣ ያ ናስ መቆረጥ ጀምሯል። ሌላም አለ። በቂጡ መሃል ያለችው መርፌ የሚመታት ትንሽ ክብ ቁራጭ ከቀለሁ ደረጃ ወጥታ ቆማ ከሆነ፣ እሷም ክፍተት እንዳለ ትጠቁማለች። መርፌው መትቶ ጥይቱ አልፎ አልፎ አልፈነዳ ካለም እንዲሁ።

ሄድስፔስ የሚሰፋው ለምንድን ነው? በወረሱት ጠመንጃ ላይ መጀመሪያ የምጠረጥረው ማቀባበያው የራሱ እንዳልሆነ ነው። ማውዘሮች በየጦሩ መጋዘን ተፈታትተው ተደባልቀው ነው የተገጣጠሙት። ማቀባበያው ላይ ያለውን ቁጥርና ቤቱ ላይ ያለውን ቁጥር ያስተያዩ። ካልተመሳሰሉ መጥፎ ነው ማለት አይደለም። ሳይለካ አይተኮስበትም ማለት ነው።

ሁለተኛው ከልክ ያለፈ ባሩድ ነው። የማውዘር ብረት ከላዩ ብቻ ነው በሙቀት የጠነከረው፤ ውስጡ ለስላሳ ነው። ኃይለኛ ጥይት ደጋግሞ ሲመታው ጆሮዎቹ ደረጃው ውስጥ እየሰመጡ ጉድጓድ ይሠራሉ። ምልክቱን በእጅዎ ያገኙታል። እጀታውን ሲያነሱት መጀመሪያ ይከብዳል፣ ከዚያ ድንገት እንደ ደረጃ ዘልሎ ይቀላል። ጆሮው ከሠራው ጉድጓድ ውስጥ እየወጣ ነው። ወደዚህ የደረሰ ቤት በአብዛኛው አይድንም፤ ጠጋኙ ተስፋ የለውም ካለዎት ይመኑት።

ሦስተኛው ደግሞ «ላስለሰልሰው» ተብሎ ጆሮውን በሻካራ ዱቄት መፋቅ ነው። ከጆሮው ላይ የፋቁት እያንዳንዱ ቅንጣት ሄድስፔሱን በዚያው ልክ ያሰፋዋል። የጠነከረውን ሽፋን ካለፉ ደግሞ ከሥር ያለው ለስላሳ ብረት በፍጥነት ነው የሚበላው።

ቆርቆሮውና ብየዳው የማይሆኑትም ለዚሁ ነው። ቆርቆሮ በጎን ቢገባ ኃይሉ የሚያልፍበት መንገድ ላይ አይደለም፤ ምንም አይጠቅምም። ተንሸራቶ ከጆሮው ፊት ቢወድቅ ግን ማቀባበያው ሳይቆለፍ የተቆለፈ ሊመስል ይችላል። ብየዳው የባሰ ነው። ጆሮው ጥንካሬውን ያገኘው በተመጠነ ሙቀት ነው። የብየዳ እሳት ያንን ያጠፋዋል፤ አንዱን ቦታ ያለሰልሰዋል፣ ሌላውን ተሰባሪ ያደርገዋል። ከላይ ሲያዩት አምሮና ወፍሮ ይታያል። በመጀመሪያው ወይም በመቶኛው ጥይት ይቆረጣል፤ መቼ እንደሆነ የሚያውቅ የለም።

ትክክለኛው ጥገና ሁለት መንገድ አለው። የመጀመሪያው ሌላ ጤነኛ የማውዘር 98 ማቀባበያ ፈልጎ በጌጅ እየለኩ መሞከር ነው። አንዳንዴ በዚሁ ያልቃል። ካልሆነ ጠጋኙ በርሜሉን ፈትቶ፣ ኋላውን በቶርኖ አሳጥሮ፣ ወደ ውስጥ ጠለቅ አድርጎ ያስረዋል፤ ጥይት ማረፊያውንም በልኩ እንደገና ይቦረቡረዋል። የቤት ሥራ አይደለም። ሊ ኤንፊልድ ቁጥር 4 ቢኖርዎት ኖሮ ይቀል ነበር፤ የእሱ ማቀባበያ ጭንቅላት ተፈትቶ የሚወጣ ሲሆን ከ0 እስከ 3 በቁጥር እየተለየ፣ እየረዘመ ይመጣል። ሳቬጅ 110ም በርሜሉ በቀለበት ብሎን ስለሚያዝ በጌጅ ይስተካከላል። ማውዘር እንዲህ ያለ ምቾት የለውም።

ቤት ውስጥ ሊያደርጉት የሚችሉትና የሚገባዎት ግን አለ። የጆሮዎቹን ጎድጓዳ በደንብ ያጽዱ፤ እዚያ ውስጥ ለዓመታት የደረቀ ግራሶና የእንጨት ፍርፋሪ ይገኛል። ከዚያ ከጆሮዎቹ ጀርባና መርፌው ሲወጠር የሚሳሳብበት ጠመዝማዛ ቦታ ላይ ቅንጣት ያህል ግራሶ ይቀቡ። የማቀባበያው አካል ላይ ስስ ዘይት ይበቃል። ጥይት ማረፊያው ግን ደረቅ ይሁን። እዚያ ዘይት ካለ ቀለሁ ግድግዳውን መያዝ ያቅተውና ጭነቱ በሙሉ ወደ ጆሮዎቹ ይሄዳል።

ወደ ጠጋኝ ሲሄዱ ጠመንጃውን፣ ማቀባበያውንና የተተኮሱትን ቀለሆች ሳያጸዷቸው ይዘው ይሂዱ። «አጥብቅልኝ» አይበሉት። «ሄድስፔሱን በሦስቱም ጌጅ ለካልኝ፣ የጆሮዎቹን ደረጃ እይልኝ» ይበሉት። ጌጅ የለኝም ካለዎት አመስግነው ወደ ሌላ ጠጋኝ ይሂዱ። ውጤቱን ሲነግርዎትም በየትኛው ጌጅ እንደተዘጋና በየትኛው እንዳልተዘጋ ጽፎ ይስጥዎት፤ ከሁለትና ሦስት ዓመት በኋላ እንደገና ሲለካ የሚያነጻጽሩበት ያ ወረቀት ነው። እስከዚያው ድረስ አይተኩሱበት።